ወኔው ሲጠፋ እንዴት ነው የምትንቀሳቀሱት? የደብረ ብርሃን ብርድ ያሸነፋችሁ ግቡ

ጠባሴ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀጥታ ልግባ። ቢሮ ነው የምውለው። ጠዋት ከወንበሩ ጋር ከተገናኘን የምንለያየው ማታ ነው። ተማሪ እያለሁ ኳስ ሜዳ ላይ ነበር ዕድሜዬ፣ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ማንም አልደወለም፣ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ነው።

ምን መሥራት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ዩቲዩብ ሙሉ ነው። ችግሩ ጠዋት 12 ሰዓት አላርሙ ሲጮህ ነው። የኅዳርንና የታኅሣሥን የደብረ ብርሃን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ የቆመ መኪና መስታወት በውርጭ ይሸፈናል፣ እኔ ደግሞ በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቤ አንድ እግሬን አወጣና ወዲያው እመልሰዋለሁ። ነገ እላለሁ። ነገም ያው ነው። ማታ ስገባ ደግሞ ደክሞኛል፣ ጨልሟል፣ ውሻ አለ።

አደራ፣ "ትችላለህ ወንድሜ" የሚል ንግግር አትጻፉልኝ፣ ጠግቤያለሁ። የምፈልገው ሞራል ሳይኖረኝም የሚሠራ ነገር ነው። ያለው ይንገረኝ።

የበሬሳ_ዳር

መጀመሪያ 12 ሰዓትን ተዋት። ማን ነው 12 ሰዓት ያለህ? ስፖርት ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ያለው ንጋት ላይ በቱታ የሚሮጥ ሰው ነው። እኛ ጋ ግን ውርጩ የሚብሰው ልክ ንጋት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሲለቅ ያድርና ዋናው ቅዝቃዜ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ይመጣል። አንተ ደግሞ ከ24 ሰዓት ውስጥ መርጠህ መርጠህ እሷን ሰዓት ይዘህ ከራስህ ጋር ትጣላለህ። 4 ሰዓት ላይ ውጣና እየው፣ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐይ ካለች አናት ትበሳለች፣ ከሄደች ደግሞ አጥንት ይገባል።

የቢሮ ሰው ከሆንክ ምሳ ሰዓት አለህ። እኔ ምሳ የምበላው ከመሥሪያ ቤቴ ራቅ ያለ ቤት ነው። ሆን ብዬ። ሽሮው የተለየ ሆኖ አይደለም፣ ካልሄድኩ ስለሚርበኝ ነው። ረሃብ ሞራል አይጠይቅም።

ቆፍጣናው

ጂም ግባ በቃ። ገንዘብ ከከፈልክ ትሄዳለህ። ምን ያንዛዛሃል።

ጠባሴ_ልጅ

@ቆፍጣናው ከፍዬ አውቃለሁ ወንድም። ገንዘቡ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።

ጋሼ_መንዝ

ልጆች፣ ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ስናድግ ሞራል የሚባል ነገር አልነበረም፣ በግ ነበረ። በጉ ከሄደ ትሄዳለህ። ባናህን ደርበህ፣ ቆሎህን ይዘህ፣ ዳገቱን። "ዛሬ ፍላጎት አለህ ወይ" ብሎ የጠየቀን የለም። ደግሞስ አበበ ቢቂላ የማን አገር ሰው መሰላችሁ? ጃቶ የተወለደ የሸዋ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ጨረሰው። እናንተ በጫማ በካልሲ አስፋልት ላይ ሆናችሁ ብርድ ትላላችሁ። ወይ ጊዜ።

ሩጫ_ቢሆን

ጋሼ፣ እንደ አባት ነው የማከብርዎት፣ ግን አበበን ያነሣነው ለመገሠጫ ከሆነ ታሪኩን ሙሉውን እናንሣው። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥኑት ነበር። የሚጠብቀው ሰው ነበረው፣ አብረውት የሚሮጡ ጓዶች ነበሩት። በ1964 ቶኪዮ የሮጠው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። 2:12:11 ገባ፣ ከዚያ ሜዳው ሣር ላይ ወርዶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ አለ። ይሄን ሁሉ አልጋው ላይ ሆኖ ብቻውን ከራሱ ጋር ተከራክሮ አላመጣውም። ደግሞ እርስዎም በጉ ነው ያወጣዎት እንጂ ወኔ አይደለም፣ ራስዎ ጽፈውታል 😀

ስለዚህ ጠባሴ ልጅ፣ ሰው ፈልግ። ወኔህን አትመናት፣ ይሉኝታህን እመናት። እኛ ለራሳችን የገባነውን ቃል ሳንቆጥረው እናፈርሳለን፣ ጎረቤታችንን ብርድ ላይ ማቆም ግን አንችልም። እኔ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ፣ መምህር ነበሩ። አብረን እንሂድ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ሐኪም እርምጃ አዞላቸው። የቤቴ በር ላይ ይመጡና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አያንኳኩም፣ ስሜን አይጠሩም፣ እህ እህ ብቻ። ያቺን ድምፅ ሰምቶ ተኝቶ መቅረት የሚችል ሰው ካለ እሱ ሌላ ፍጥረት ነው። ጫማዬን ሳላስር የወጣሁበት ጊዜ አለ። መንገድ ላይ ስለ ፖለቲካ ያወራሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ ሳላውቀው የበሬሳን ወንዝ ተሻግረን ተመልሰናል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ካንተ በጣም የሚበረታ ሰው አትያዝ። በሁለተኛው ቀን ትጠላዋለህ።

ጠባሴ_ልጅ

@ሩጫ_ቢሆን ይሄ እህ እህ ገና በጽሑፍ ሳየው አስነሣኝ። የምር ግን ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ሲስተር_ደብረ_ሲና

እንደምን ዋላችሁ። ነርስ ነኝ፣ ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚተወው ቁጥሩ አስፈርቶት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። መካከለኛ ማለት እየሄድክ ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን ያቅትሃል። ትንሹን ለሰባት ቀን ብናካፍለው በቀን 21 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። ዋናው የምወድላችሁ ግን ይሄ ነው፦ ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር፣ በ2020ው ያ ቀርቷል። አምስት ደቂቃም ትቆጠራለች። ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል። ጠባሴ ልጅ ያ ስልክ የምታወራበት ፎቅ ተቆጥሮልሃል።

10 ሺህ እርምጃ የሚሉትም ከሕክምና የመጣ ቁጥር አይደለም። በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ መሸጫ ስም ነበር፣ ሩጫ ቢሆን ካነሣው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ቀጥሎ ባለው ዓመት። ከዚያ በታችም ብዙ ጥቅም አለ። ምንም ከማይሄድ ሰው ትንሽ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ለውጥ ትልቁ ነው።

ከምሳ በኋላ የሚኬድ እርምጃ ደግሞ ለስኳር ጥሩ ነው፣ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ ስለሚወስድ። ስለዚህ የበሬሳ ዳር ያለው ነገር፣ በተለይ በልቶ ሲመለስ፣ በጣም ልክ ነው።

የልጆች_እናት

ወንዶች ስትጽፉ መንገዱ የሁላችንም እኩል ይመስላችኋል። እኔ ቱታ ለብሼ ብወጣ ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል፣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጠው አስተያየት ይሰጣል፣ ጎረቤት ደግሞ "ምነው፣ ሰላም ነው?" ትላለች፣ አንድ ነገር የደረሰብኝ መስሏት። ንጋት ላይማ አይታሰብም።

መላው ምን መሰላችሁ፣ ዘንቢል። ዘንቢል ከያዝኩ ማንም አይጠይቀኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከሥር ስኒከር አድርጌ፣ ሽንኩርት ልገዛ የምሄድ መስዬ የፈለግሁትን ያህል እሄዳለሁ። ቅርብ ያለውን ጉልት ትቼ ራቅ ወዳለው ነው። ስመለስ ሽንኩርቱ ስላለ ክብደትም አለው፣ እጅ እየቀያየርኩ እይዘዋለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና ሳፈላ ነው የምሠራው። ጀበናው እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ እስኪፈላ ምን ትሠራላችሁ? እኔ ስልክ ነበር የማየው። አሁን የኩሽናውን ጠረጴዛ ጫፍ ይዤ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ልክ ጀበናው ድምፅ ሊያሰማ ሲል አቆማለሁ። ሁለተኛው ሲጣድ ግድግዳ ተደግፌ ፑሽ አፕ። ልብስ መቀየር የለ፣ መውጣት የለ። ቡና ማፍላት ደግሞ የሚረሳ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ እሱም አይረሳም። ትንሿ ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሠራለች፣ ትወድቃለች፣ ትስቃለች። በረካ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሞቆናል።

የበሬሳ_ዳር

@የልጆች_እናት ዘንቢሏ ገደለችኝ። ስለ ንጋቱ ግን ልክ ነሽ እህቴ፣ አላሰብነውም።

ቆፍጣናው

ቁጭ ብድግ ቡና ላይ ስፖርት ነው እንዴ? ላብ ካላላበህ ዋጋ የለውም።

የልጆች_እናት

@ቆፍጣናው ና እና 3 ዙር ቡና ከኔ ጋር ሥራ። ከዚያ ደረጃ ስትወርድ እናያለን።

ፈረቃ_ለ

እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ በፈረቃ። 8 ሰዓት ቆሜ ነው። ስወጣ እግሬ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይለኛል። እና ሰው ስፖርት ሥራ ሲለኝ ያናድደኛል። ከዚህ በላይ ምን ልንቀሳቀስ? የሌሊት ፈረቃ ሲሆንማ ቀንና ሌሊቱም ይምታታብኛል።

ሲስተር_ደብረ_ሲና

ፈረቃ ለ፣ አንተ የምትለው እውነት ነው፣ ድካምህ ስንፍና አይደለም። ግን መቆም እና መንቀሳቀስ አንድ አይደሉም። ስትቆም ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል። የባት ጡንቻ ሲኮማተር ነው ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ቆመህም ቢሆን ተረከዝህን ከፍ ዝቅ አድርግ፣ በየጊዜው። ቤት ስትገባ ጋደም በልና እግርህን ከልብህ ከፍ አድርገህ ግድግዳ ላይ አሳርፈው። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ ግን የሥራ ድካም ብለህ አትለፈው፣ በአስቸኳይ ጤና ተቋም ሂድ። ከሌሊት ፈረቃ በወጣህበት ቀን ደግሞ ስፖርትህ እንቅልፍ ነው። ሌላ ነገር አትጨምር።

ሸዋ_ሮቢት_ነኝ

እዚህ ክር ላይ ብርድ ብርድ ስትሉ ቀናሁ። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ዞን ሆነን እናንተ ጋቢ ውስጥ፣ እኛ ማራገቢያ ሥር። ከ3 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መሄድ ቅጣት ነው፣ ስለዚህ 12 ሰዓትን የሰረዛችኋትን ለኛ ላኩልን። እኛ ጋ ሰው ሞራል የሚያጣው ሙቀቱ ላይ ነው።

አንዴ ለሠርግ ደብረ ብርሃን ወጥቼ ከዘመዶቼ ጋር ዳገት ስወጣ ልቤ ልትወጣ ነበር። እነሱ እያወሩ ይሄዳሉ፣ እኔ ማውራቱን ተውኩት። ከቆላ የምትመጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን አትፎክሩ። እዚህ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የለመደ ሳንባ እዚያ ሲደርስ ጊዜ ይፈልጋል።

ጋሼ_መንዝ

እንግዲህ ጾም ነው አሁን፣ የነቢያት። ሆድ ባዶ ሆኖ እርምጃ ምን ይላል ሲስተር? ሁለተኛ፣ እኔ በሁዳዴ ስግደት ስሰግድ ጉልበቴ የሚፍታታውን ያህል በምንም አይፍታታም። ያም እንግዲህ እንቅስቃሴ ነው።

ማኅሌት_ቤት

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስግደት ስፖርት አይደለም። ለእግዚአብሔር የሚሰገድን ነገር ካሎሪ ማቃጠያ ስናደርገው ደስ አይለኝም።

ጋሼ_መንዝ

ልጄ፣ ስፖርት ነው አላልኩም። ጉልበቴ ተፍታታ ነው ያልኩት። ጉልበቱንም የሰጠኝ እሱ ነው።

ሲስተር_ደብረ_ሲና

በዚህኛው አልገባም 😀 ስለ ጾሙ ግን ልመልስ ጋሼ። ጤነኛ ሰው ሳይበላ ቀስ ያለ እርምጃ ቢሄድ አይጎዳውም። ከበድ ያለው ነገር ከበሉ በኋላ ትንሽ ቆይተው ይሁን፣ ወይም ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ወዲያው እንዲበሉ። ውኃ ቢያንስ ጾሙ በሚፈቅደው ሰዓት በደንብ ይጠጣ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆድ እንዳይሞክረው። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጨለም ከመጣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይውሰድ፣ ያኔ ጾሜን ገደፍኩ የሚባልበት ሰዓት አይደለም። አስም ያለበት ደግሞ በዚህ ብርድ ሲወጣ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍን፣ አየሩ ሞቅ ብሎ እንዲገባ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከዚህ ሁሉ ቀልድ መሃል። "ሞራል የለኝም" የሚለውን ሁሉ ስንፍና አናድርገው። ድሮ የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላህ፣ እንቅልፍህ ከተበላሸ፣ ምግብ ካልጣመህ፣ ይሄ ደግሞ አብዛኛውን ቀን እየዋለ ሁለት ሳምንት ካለፈው ድብርት ሊሆን ይችላል። ይታከማል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ፣ ለቅርብ ሰው ተናገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደም ማነስም እንዲሁ ድካም ያመጣል። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስም ሰው ይደክመዋል፣ ከሌላው ሰው በላይም ይበርደዋል። ብርድ አገር ስለምንኖር ይሄኛው ሳይታወቅ ይቀራል። ምርመራ ይጠይቁ።

ድብርት የሚያክሙ ባለሙያዎች ከሚያደርጉት ነገር አንዱ ሰውየውን ደስ እስኪለው ሳያስጠብቁ ትንሽ ትንሽ ሥራ በቀጠሮ ማሠራት ነው። ደስታው ከሥራው በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴ ቆይቶ። ሩጫ ቢሆን በይሉኝታ የሠራው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ጠባሴ_ልጅ

ሲስተር ተባረኪ። ራሴን አየሁት፣ ድብርት አይመስለኝም፣ ኳስ ሲኖር አልቀርም፣ ክትፎ ሲኖርም አልቀርም (ከጾም ውጪ ማለቴ ነው ጋሼ)። ግን ደም ማነሱን ልመረመር ነው።

ለማንኛውም የምሳውን ነገር ጀምሬዋለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ራቅ ያለው ቤት እንሂድ አልኩት፣ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መጣ። አሁን እሱ ነው 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቁልፉን የሚያንኳኳው። ሞራል አለኝ? የለኝም። ተቀምጬ ልቅር ብል ግን ቁልፉ አለ።

ሩጫ_ቢሆን

እንግዲያው ወደ ትልቁ ሐሳብ እንለፍ። የእግር እቁብ። እኛ ሰፈር ሞክረነው ሠርቷል። እንደማንኛውም እቁብ ሰብሳቢ አለው፣ ቀን አለው። ልዩነቱ ብር አይጣልም፣ እግር ነው የሚጣል። የቀረ ሰው የሁሉንም ቡና ይከፍላል። ሰርግና ለቅሶ ይቅርታ አላቸው፣ ብርድ የለውም። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ዋናው ሰብሳቢው ደውሎ "ምነው፣ ዛሬ አላየንህም" ሲል ነው። ያን ስልክ ማን ይወዳል።

ፍጥነቱን የምንይዘው በመጨረሻው ሰው ልክ ነው። ቀድሞ መሄድ የፈለገ ይሂድና ተመልሶ ይምጣ። ይሄ ሕግ ባይኖር ወፍራሞቹ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቁ ነበር።

ቆፍጣናው

በመጨረሻው ሰው ልክ ከሆነ ስፖርት አይባልም ሽርሽር ነው።

ፈረቃ_ለ

@ቆፍጣናው አንተ ግን መቼ ነው የምትሠራው? ሁልጊዜ ኦንላይን ነህ።

ቆፍጣናው

😂😂 እሺ ተሸነፍኩ። መቼ ነው እቁቡ?

ሩጫ_ቢሆን

ቅዳሜ። ከሥላሴ ተነሥተን በአንኮበር መንገድ ትንሽ ወጣ ብለን እንመለሳለን። አንኮበር አንደርስም፣ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ አትደንግጡ።

የልጆች_እናት

ሰዓቱን ተናገር። ንጋት ከሆነ የለሁበትም። ሴቶች ከሁለት በላይ ካልሆንንም የለሁበትም።

ሩጫ_ቢሆን

3 ሰዓት ተኩል። ውርጩ ይለቃል። የኔ ባለቤትና እህቷ አሉ፣ ካንቺ ጋር ሦስት። ዘንቢል ይፈቀዳል።

የበሬሳ_ዳር

አለሁ። በዚያ መንገድ ግን ውሾች አሉ፣ ዱላ የሚይዝ ሰው ይኑር።

ጋሼ_መንዝ

ዱላ እኔ ጋ አለ። እርምጃው በመጨረሻው ሰው ልክ ነው ካላችሁ መጨረሻው ሰው እኔ ነኝ፣ ተመዘገብኩ። ቡናው ላይ ቆሎ ይኑር።

ጠባሴ_ልጅ

እኔም አለሁ። ሩጫ ቢሆን፣ እኚያን መምህር ይዘሃቸው በኛ በኩል እለፉ። በሬ ላይ አንዴ እህ ይበሉልኝ።